ፊኛ ከተጠገነ በኋላ ሥራውን መመርመር

የተሰበረ እግር በጄሶ ታስሮ አጥንቱ ቢገጥምም፥ ሕመምተኛው ቆሞ እስኪራመድ ድረስ ፈጽሞ ዳነ አይባልም። እንደዚሁም ሁሉ የተቀደደ ፊኛ በሐኪም እጅ በተሰፋ ጊዜ፥ የስፌቱ መያዝ የድካሙ እኩሌታ ነው። የቀረው እኩሌታ ፊኛው ሽንት የማጠራቀምና በጊዜው የማስወጣት ሥራውን መጀመሩን መርምሮ ማረጋገጥ ነው።

በዚህ ወር ጽሑፋችን ለክቡራን አንባብያን የምንገልጸው፥ በምጥ ጊዜ ተጐድቶ በቀዶ ሕክምና የተጠገነ ፊኛ እንዴት እንደሚመረመር ነው። ነገሩ የሐኪሞች ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ለመምህራንና ለከተማ ነዋሪዎችም የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። ከሆስፒታል ወደ ቤቷ የተመለሰች ሴት ልብሷ እንደገና ሲርስ ባየች ጊዜ፥ ‹‹ሕክምናው አልያዘልኝም›› ብላ ተስፋ ትቈርጣለች፤ ጎረቤትም ይህንኑ ያጸናባታል። ዳሩ ግን የእርጥበቱ ምክንያት ልዩ ልዩ ስለ ሆነ፥ ከነዚህም አብዛኞቹ መፍትሔ ስላላቸው፥ ‹‹ተመልሰሽ ተመርመሪ›› የሚላት አንድ ዐዋቂ ሰው ብታገኝ ቀሪ ዕድሜዋ ሊለወጥ ይችላል።

1ኛ/ ፊኛ በጤናው ጊዜ የሚሠራው ሥራ

ኵላሊቶች ደምን እያጣሩ ሽንትን ያለማቋረጥ ያወርዳሉ። ሽንቱም በሁለት ቀጫጭን ቧንቧዎች አማካይነት በታችኛው ሆድ ወደሚገኘው ፊኛ ይንጠባጠባል። ፊኛ ከጡንቻ የተሠራ ከረጢት ሲሆን ሁለት ሥራ አለው፤ አንደኛው ማጠራቀም፥ ሁለተኛው ማስወጣት ነው።

ጤነኛ ፊኛ ሽንት በገባበት መጠን እንደ ላመ ስልቻ ይለጠጣል እንጂ አይጨነቅም። ስለዚህ መጠኑ ሲጨምር በውስጡ ያለው ግፊት ብዙም ከፍ አይልም። ከ150 እስከ 250 ሚሊ ሊትር ያህል ሲጠራቀም ሰው የመጀመሪያው የመሽናት ስሜት ይሰማዋል፤ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ሲደርስ፥ ይኸውም ሁለት ብርጭቆ ያህል ማለት ነው፥ ስሜቱ ይበረታል። በዚህ ጊዜ ሁሉ በፊኛው አፍ ያለው ዘጊ ጡንቻ እንደ ስልቻ ማሰሪያ አጥብቆ ይይዛል። ሰውየው አመቺ ቦታ ባገኘ ጊዜ አንጎል ያዝዛል፤ ማሰሪያው ይላላል፤ ከረጢቱም ተጨምቆ ሽንቱን ያስወጣል። ጤነኛ ዐዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 እስከ 8 ጊዜ ያህል ይሸናል።

እንግዲህ ፊኛ ሥራውን ለመፈጸም አራት ነገር ያስፈልገዋል ማለት ነው፤ ቀዳዳ የሌለው ግድግዳ፥ የሚለጠጥ ጡንቻ፥ የሚዘጋ አፍ፥ ትእዛዝ የሚያመላልስ ነርቭ። ከጥገና በኋላ የሚደረገው ምርመራ ሁሉ ከነዚህ አራቱ የጐደለው የቱ እንደ ሆነ ለማወቅ ነው።

2ኛ/ ፊኛ በምጥ ጊዜ እንዴት ይጐዳል?

ሕፃኑ በዳሌ አጥንት መካከል ማለፍ ተስኖት ምጥ አንድ ቀን፥ ሁለት ቀን፥ ከዚያም በላይ ሲቈይ፥ የሕፃኑ ራስ ፊኛውን ከአጥንት ጋር አጣብቆ ይጫነዋል። የተጫነው ሥጋ ደም ስለማይደርሰው ይሞታል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ይረግፋል። በረገፈበት ስፍራ በፊኛና በመውለጃው መንገድ መካከል ቀዳዳ ይከፈታል፤ ሽንትም ሌሊትና ቀን ያለ ፈቃድ ይፈስሳል። ይህም ፌስቱላ የሚባለው ጉዳት ነው። ከሴቲቱ ጥፋት ወይም ከርግማን የመጣ ሳይሆን፥ ርዳታ ሳይደርስ ከቈየ ምጥ የመጣ ቍስል ነው።

የዚህ ሕክምና ታሪክ በከፊል የሚያሳዝን ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ጄምስ ማሪዮን ሲምስ በ1840ዎቹ ዓመታት (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በአላባማ ግዛት በባርነት በተያዙ ጥቁር ሴቶች ላይ፥ ያለ ማደንዘዣ፥ ደጋግሞ ቀዶ ሕክምና አድርጎ በ1849 ስፌቱ ያዘለት። ከነዚያ ሴቶች የአናርካ፥ የቤትሲና የሉሲ ስሞች ተመዝግበው ይገኛሉ። ዛሬ ሕመምተኞች በማደንዘዣ የሚታከሙበት ዕውቀት በነርሱ ስቃይ የተገኘ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

በአገራችን ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 መጥተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሥራ ከጀመሩ በኋላ፥ በ1974 የአዲስ አበባን የፌስቱላ ሆስፒታል አቋቁመዋል። ከዚያም በባሕር ዳር፥ በመቀሌ፥ በይርጋለም፥ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች ተከፍተዋል። በነዚህ ሁሉ ከ60,000 በላይ ሴቶች ያለ ክፍያ ታክመዋል።

ሐኪሙ ቀዳዳውን ሲዘጋ የፊኛውን ጠርዝ ከአካባቢው ሥጋ አላቅቆ ሳይወጠር ይሰፋዋል። ነገር ግን የሞተውንና የረገፈውን ሥጋ መመለስ አይችልም። ስለዚህ ብዙ ሥጋ የረገፈበት ፊኛ ከተሰፋ በኋላ ትንሽ ሆኖ ይቀራል፤ ጠባሳ የያዘው ግድግዳ እንደ ፊተኛው አይለጠጥም፤ ጉዳቱ ወደ አፉ ከቀረበም የሽንት መውጫው ያጥራል፥ ማሰሪያውም ይደክማል። ነርቭም አብሮ የተጨፈለቀ እንደ ሆነ ስሜቱ ይጠፋል ወይም ይዛባል።

3ኛ/ ምርመራዎቹ በየተራቸው

የተሰነጠቀ እንስራ፥ ከልኩ በላይ ሞልቶ የሚፈስ እንስራና ክዳኑ ያልገጠመ እንስራ ሦስቱም ወለሉን ያረጥባሉ። ወለሉን ብቻ አይቶ እንስራው ተሰንጥቋል ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። ሐኪምም ልብስ መርጠቡን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም፤ ከዚህ የሚከተሉትን ምርመራዎች በየተራ ያደርጋል።

ሀ/ ካቴተር። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ካቴተር የሚባል ለስላሳ ቱቦ በፊኛው ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ሽንቱ ሳይጠራቀም እየወረደ ስለሚወጣ ስፌቱ አይወጠርም። ሕመምተኛዋም ሽንቷ እንደ ውኃ እስኪነጣ ድረስ አብዝታ እንድትጠጣ ትታዘዛለች፤ ቱቦው እንዳይደፈንና ፊኛው እንዳይሞላ የሚጠብቀው ይህ ነው። ቀድሞ ቱቦው ብዙ ጊዜ 14 ቀን ያህል ይቈይ ነበር። ኢትዮጵያ ባለችባቸው በ8 የአፍሪቃ አገሮች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ግን፥ ጉዳቱ ቀላል ለሆነ ፌስቱላ 7 ቀን ከ14 ቀን እንደማያንስ አሳይቷል። የቀኑን ቍጥር የሚወስነው የጉዳቱን ዐይነት ያየው ሐኪም ነው።

ለ/ የቀለም ምርመራ። ቱቦው ከመውጣቱ በፊት ወይም በኋላ ጥርጣሬ ካለ፥ በሰማያዊ ቀለም የተበረዘ ንጹሕ ውኃ በቱቦው ወደ ፊኛ ይገባል፤ ሦስት የጥጥ ወይም የፋሻ ቍራጮችም በመውለጃው መንገድ ከላይ እስከ ታች ተደርድረው ይቀመጣሉ። የላይኛው ወይም የመካከለኛው ቍራጭ ሰማያዊ ሆኖ ከተገኘ ፊኛው ቀዳዳ አለው። ታችኛው ብቻ ከቀለመ ፍሳሹ በተፈጥሮው መውጫ በኩል መጥቷል ማለት ነው። የላይኛው ቍራጭ ያለ ቀለም ከረጠበ ደግሞ፥ የተጐዳው ከኵላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው ቧንቧ እንደ ሆነ ይጠረጠራል። በአንድ ጠብታ ቀለምና በሦስት ቍራጭ ጨርቅ ይህን ያህል መለየት መቻሉ የሚያስደንቅ ነው።

ሐ/ ቀሪ ሽንት። ሴቲቱ በራሷ ከሸናች በኋላ በፊኛዋ ውስጥ የቀረው ሽንት በቱቦ ወይም በአልትራሳውንድ ይለካል። ከ50 ሚሊ ሊትር ያነሰ፥ ይኸውም ከአንድ የቡና ሲኒ የማይበልጥ ከሆነ፥ ፊኛው በደንብ ባዶ እየሆነ ነው። ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ከቀረ ግን ፊኛው ሽንቱን እያስወጣ አይደለም። እንዲህ ያለው ፊኛ እንደ ሞላ እንስራ ጠርዙን አልፎ ይንጠባጠባል፤ ስፌቱም ይወጠራል። ሴቲቱ ‹‹ቀዳዳው ተከፈተብኝ›› ስትል፥ ነገሩ የተገላቢጦሽ፥ የመዘጋት ሕመም ሆኖ ይገኛል።

መ/ የሳል ምርመራ። ፊኛው በመጠኑ ሞልቶ ሳለ ሴቲቱ ጠንከር አድርጋ እንድትስል ትጠየቃለች። በሳሉ ቅጽበት ሽንት ከመውጫው ፈንጠቅ ብሎ ሳሉ ሲያበቃ ቢቆም፥ ጉድለቱ የዘጊው ጡንቻ ድካም ነው። ሳሉ ካለፈ በኋላ ጥቂት ቈይቶ ብዙ ቢፈስ ደግሞ ፊኛው ያለ ትእዛዝ ተጨምቋል ማለት ነው።

ሠ/ የጨርቅ ሚዛን። የሚፈሰው ሽንት ምን ያህል እንደ ሆነ በግምት ሳይሆን በሚዛን ይታወቃል። ሴቲቱ ግማሽ ሊትር ውኃ ጠጥታ፥ ቀድሞ የተመዘነ ደረቅ ጨርቅ ታጥቃ፥ ለአንድ ሰዓት ትራመዳለች፥ ደረጃ ትወጣለች፥ ትስላለች፥ እጇን ትታጠባለች። ከዚያ ጨርቁ እንደገና ይመዘናል። አንድ ሚሊ ሊትር ሽንት አንድ ግራም ያህል ስለሚመዝን፥ የክብደቱ ጭማሪ የፈሰሰው ልክ ነው። ከ1 ግራም በላይ ከጨመረ ፍሳሽ አለ ይባላል። ምርመራው ከወራት በኋላ ሲደገም ቍጥሩ ከ60 ወደ 15 ወርዶ ቢገኝ፥ ሴቲቱ ገና ብትረጥብም መሻሏ በማስረጃ ይታወቃል።

ረ/ የ3 ቀን መዝገብ። ከምርመራዎች ሁሉ ወጪ የሌለው፥ ጥቅሙ ግን ከፍ ያለው ይህ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ አራት ዐምድ ተሠምሮ፥ ሰዓቱ፥ የተጠጣው መጠን፥ የተሸናው መጠንና ያለ ፈቃድ የመፍሰሱ ነገር ለ3 ቀንና ሌሊት ይጻፋል። የሽንቱ መጠን በሚሊ ሊትር ምልክት ባለው ዕቃ ይለካል። ማንበብና መጻፍ ለማትችል ሴት ጎረቤት፥ ልጅ ወይም መምህር ሊጽፍላት ይችላል።

ለምሳሌ ያህል፥ መዝገቡ በቀን 15 ጊዜ፥ በየጊዜውም ከ80 እስከ 100 ሚሊ ሊትር መሸናቷን ቢያሳይ፥ ፊኛዋ ትንሽ ሆኖ መቅረቱ ይጠረጠራል። በየጊዜው 300 ሚሊ ሊትር እየሸናች እንስራ ስታነሣና ስትስቅ ብቻ ብትረጥብ፥ መያዣው ደኅና ሆኖ ማሰሪያው ደክሟል። ጥቂት ጥቂት እየሸናች ታችኛው ሆዷ ሁልጊዜ ከብዶ ቢሰማት፥ ቀሪ ሽንት መኖሩ ይታሰባል። ቀኑን ሙሉ ከአንድ ብርጭቆ የማይበልጥ ብትጠጣ ደግሞ፥ ሐኪሙ መዝገቡን ከማንበቡ በፊት ስለ ውኃ ይመክራታል።

ሰ/ የግፊት ምርመራ። ከላይ በተነገሩት ነገሩ ያልተፈታ እንደ ሆነ፥ በትልልቅ ሆስፒታሎች የፊኛው ግፊት በመሣሪያ ይለካል። አንድ ቀጭን ቱቦ በፊኛ፥ ሌላው በፊንጢጣ ይገባል፤ የመጀመሪያው የፊኛንና የሆድን ግፊት በአንድነት፥ ሁለተኛው የሆድን ግፊት ለብቻው ያሳያል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሲቀነስ የፊኛው ጡንቻ የራሱ ግፊት ይገኛል። ከዚያ ፊኛው በዝግታ በንጹሕ ውኃ እየተሞላ ግፊቱ ይመዘገባል። መሣሪያ በሌለበት ስፍራም፥ መግፊያው የወጣለት ትልቅ ስሪንጅ በካቴተሩ ጫፍ ተገጥሞ ከፍ ብሎ ቢያዝ፥ በውስጡ የሚቆመው ውኃ ከፊኛው በላይ ያለው ከፍታ በማስመሪያ ይለካል፤ ያው ከፍታ ግፊቱን በሴንቲ ሜትር ውኃ ይናገራል። ይህ ግን የሆድን ግፊት ለይቶ ስለማያሳይ ግምት ሰጪ ብቻ ነው።

ስሌቱን መምህራን በቀላሉ ይረዱታል። አንድ ፊኛ 300 ሚሊ ሊትር ተቀብሎ ግፊቱ በ10 ሴንቲ ሜትር ውኃ ብቻ ቢጨምር፥ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 30 ሚሊ ሊትር ተቀብሏል፤ ይህ የሚለጠጥ ፊኛ ነው። ሌላው 150 ሚሊ ሊትር ተቀብሎ ግፊቱ በ40 ቢጨምር፥ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 4 ሚሊ ሊትር እንኳ አልደረሰም፤ ይህ የደረቀ ፊኛ ነው። ሽንት በተጠራቀመበት ጊዜ ግፊቱ ከ40 ሴንቲ ሜትር ውኃ በላይ ሆኖ ለብዙ ጊዜ ከቈየ፥ ሽንቱ ከኵላሊት መውረድ ስለሚሳነው ኵላሊት ይጐዳል።

ሸ/ የኵላሊት ምርመራ። ከላይ በተጠቀሰው ምክንያት ኵላሊቶች አለማበጣቸው በአልትራሳውንድ፥ ሥራቸውም በደም ምርመራ ይታያል። ሽንቱም ቍስል አምጪ ተሐዋስያን እንዳሉበት ይመረመራል፤ የተመረዘ ፊኛ ጤነኛ ግድግዳ እያለውም ተቈጥቶ ያፈስሳልና።

4ኛ/ የምርመራው ውጤትና መፍትሔው

ቀዳዳ ገና በጥቂቱ ተከፍቶ በቶሎ ከተገኘ፥ ካቴተሩ እንደገና ገብቶ ለተጨማሪ ቀናት ሲቀመጥ አንዳንድ ጊዜ በራሱ ይገጥማል። ካልገጠመ፥ ቍስሉ እስኪረጋ ጥቂት ወራት ተጠብቆ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይደረጋል።

ማሰሪያው የደከመ እንደ ሆነ፥ የመጀመሪያው መድኀኒት የጡንቻ ልምምድ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬግል እ.ኤ.አ. በ1948 እንዳስተማረው፥ ሽንትን ለመያዝ እንደሚደረገው ያለ የዳሌን ወለል መጨበጥና መልቀቅ በየቀኑ ይደጋገማል። ጥቅሙ ከሳምንታት በኋላ የሚታይ ስለ ሆነ ትዕግሥት ይፈልጋል። ይህ ያልበቃቸው ሴቶች አፉን የሚደግፍ ሌላ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸዋል።

ፊኛው ያለ ትእዛዝ የሚጨመቅ ወይም ትንሽ የሆነ እንደ ሆነ፥ የመሽኛውን ጊዜ በጥቂቱ እያራዘሙ ማስለመድና ሐኪም የሚያዝዘው መድኀኒት ይረዳሉ። ሽንት የሚቀርባት ሴት ደግሞ በተወሰነ ሰዓት በንጹሕ ቱቦ ራሷ ሽንቷን ማውጣትን ትማራለች። ይህን ዘዴ አሜሪካዊው ዶክተር ጃክ ላፒደስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1972 አስታውቀዋል፤ ዋናው ሕግ እጅን በሳሙናና በውኃ መታጠብና ጊዜን መጠበቅ ነው።

ፊኛው እጅግ ጠብቦ በሌላ መንገድ የማይረዳ ሲሆን፥ ከሕመምተኛዋ አንጀት ቍራጭ ተወስዶ ፊኛውን ለማስፋት ይሰፋበታል። ይህ ከባድ ሥራ ነው፤ ክትትሉም ዕድሜ ልክ ነው። የአንጀት ቍራጭ መሙላቱን እንደ ፊኛ አይናገርም፥ ለማስወጣትም እንደ ፊኛ አይጨመቅም፤ ስለዚህ ሴቲቱ በስሜት ሳይሆን በሰዓት ትሸናለች፥ ብዙ ጊዜም በቱቦ ታወጣለች። አንጀት ንፍጥ መሳይ ነገር ስለሚያመነጭ ፊኛው ይታጠባል። ጠጠር እንዳይፈጠር፥ የደሙ ጨዋማነትና ኮምጣጣነት እንዳይዛባ፥ ቫይታሚን ቢ 12 እንዳይጐድል በየጊዜው ይመረመራል። ይህን ክትትል መፈጸም ለማይቻላት ሴት ሥራው እንዲሁ በችኮላ አይደረግም።

5ኛ/ ከመምህራንና ከጎረቤት የሚጠበቅ

ታክማ የተመለሰችን ሴት የሚረዳ ሰው እነዚህን ነገሮች ይወቅ።

አንደኛ፥ ውኃ እንዳትቀንስ ይምከራት። ብዙዎች እንዳይረጥቡ ብለው መጠጣት ይተዋሉ፤ የወፈረ ሽንት ግን ፊኛን ይቈጣል፥ ቈዳን ያቃጥላል፥ ጠጠርም ያመጣል።

ሁለተኛ፥ ቢያንስ ለ3 ወር ከባድ ሸክም እንዳታነሣና ከባሏ ጋር እንዳትገናኝ የሆስፒታሉን ትእዛዝ ያስከብርላት። ይህን ለባል መንገር የሚከብዳት ስለ ሆነ፥ የተከበረ ሰው ቢያስረዳ ይሻላል።

ሦስተኛ፥ ቀጠሮዋን ይጠብቅላት። ደረቅ የሆነችውም ሴት ልትመረመር ይገባታል፤ ቀሪ ሽንትና የፊኛ ግፊት ልብስ ሳያረጥቡ ኵላሊትን ይጐዳሉና።

አራተኛ፥ ሽንት ፈጽሞ ቢቆምና ታችኛው ሆድ ቢነፋ፥ ትኵሳትና የጎን ውጋት ቢመጣ፥ ደም ቢታይ፥ ደረቅ የነበረችውም በድንገት ብትረጥብ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዳት።

አምስተኛ፥ ዳግመኛ የፀነሰች እንደ ሆነ ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምራ እንድትመረመርና ምጥ ሳይጀምራት ቀዶ ሕክምና ባለበት ሆስፒታል እንድትሆን ይርዳት። የተጠገነ ፊኛ ሁለተኛ የቈየ ምጥ አይችልም።

ስድስተኛ፥ ከሰው መካከል አያግልላት፤ ሌላው ሲያገልላትም ዝም አይበል። በትምህርት ቤት የምትማር ወይም የምትሠራ ብትሆን፥ የምትታጠብበትና ጨርቅ የምትለውጥበት የተከለለ ስፍራ፥ በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ ለመውጣትም ያለ ጥያቄ ፈቃድ ይሰጣት። ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም፥ ትምህርቷን በመቀጠልና በማቋረጥ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ሊሆን ይችላል።

‹‹በሽታውን የደበቀ መድኀኒት አይገኝለትም›› የሚለው ምሳሌ የቈየ ነው። ነገር ግን ሕመምተኛ በሽታዋን የምትደብቀው ብዙ ጊዜ የሚሰሟት ሰዎች ስለሚያፍሩባት ነው። እንግዲህ ስለ ፊኛና ስለ ሽንት ያለ ሐፍረትና ያለ ፌዝ መናገርን ዐዋቂዎች ቢጀምሩ፥ ሕመምተኛዋ ምስጢሯን ለመግለጽ ድፍረት ታገኛለች። ምርመራው የሚጀምረው በመሣሪያ ሳይሆን ‹‹ዛሬም እረጥባለሁ›› ብላ በምትናገረው በዚያች አንዲት ቃል ነው፤ ያችን ቃል ሰምቶ ወደ ሐኪም የሚያደርስ ሰው የሕክምናው ተካፋይ ነው።